የእጅ ስልክ ለቤተ ክርስቲያን ቪዲዮ ዝግጅት፤ የሚጠቅሙ መተግበሪያዎችና አመራረጣቸው

(በማኅበሩ አባላት ፊት በቡለን ከተማ የተደረገ ንግግር)




የተሰጠኝ ርእስ ለአንዳንዶቻችን ከሙያችን ወጣ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ሲነገር በኖረበት መድረክ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ቪዲዮና ስለ እጅ ስልክ መተግበሪያ መናገር ምን አመጣው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው፣ የብርሃን፣ የድምፅ፣ የኃይልና የመረጃ አያያዝ ጉዳይ ስለሆነ በእርግጥም የእኛው የሙያ ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ በየአጥቢያው ይህን ሥራ በፈቃዳቸው የያዙት ወጣቶች ምክር ሲያስፈልጋቸው ከሚጠይቋቸው ሰዎች መካከል እኛ እንገኛለን።

የወጣቶቹ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የትኛው አፕ ይሻላል?» የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ በአጭሩ ላስቀምጥ። ለእኛ የሚጠቅም መተግበሪያ ማለት ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ፣ ጥቂት ኃይል የሚበቃው፣ በፊደላችን በትክክል የሚጽፍ፣ የተሠራውንም ሥራ ከስልኩ አውጥቶ ለሌላ ለማስረከብ የሚያስችል ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ የጎደለው መተግበሪያ፣ ጌጡ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለአገራችን ሥራ ጎዶሎ ነው። የንግግሬ ዓላማም ይህን መመዘኛ በየሥራው ክፍል እያሳየሁ ማብራራት ይሆናል።

ከሬዲዮ ጣቢያ እስከ እጅ ስልክ

የሃይማኖትን ትምህርትና ዝማሬ በመሣሪያ አማካይነት ለሩቅ ሰው ማድረስ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀምሮ፣ በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስከ ተወረሰበት ጊዜ ድረስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ ቆይቷል። ለዚያ ሥራ ስቱዲዮ፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው ማሠራጫ፣ የሠለጠነ ቴክኒሻንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀመርም መሣሪያው የመንግሥት፣ የሚያውቀውም ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

ከሥርጭት ይልቅ በጥበቃ በኩል የሚጠቀስ ሌላ ታላቅ ሥራም አለ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለእኛ ትምህርት የሚያደርገው የፊልሙ ቅጅ በአንድ ስፍራ ብቻ አለመቀመጡ ነው፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት እንዲቀመጥ ተደርጓል። የዚያ ዘመን ሰዎች መሣሪያቸው ከባድ ቢሆንም ቅጅን በሁለት ቦታ የማኖርን አስፈላጊነት አልዘነጉም።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ደግሞ ምእመናን የሰሙነ ሕማማትንና የትንሣኤን አገልግሎት ከቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየአጥቢያው ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ወጣት በዝቷል። ዛሬ አንድ የእጅ ስልክ ካሜራ፣ ድምፅ መቅጃ፣ የማቀናበሪያ ክፍልና ማሠራጫ ሆኖ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ቀድሞ በብዙ ባለሙያዎች ተከፋፍሎ ይሠራ የነበረው ሥራ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ስለወደቀ፣ ከአራቱ የሥራ ክፍሎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሳይታሰቡ መቅረታቸው የተለመደ ሆኗል።

የቡለን ሁኔታ

አሁን የተሰበሰብንባት ቡለን በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኝ ናት። በወረዳው ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ አገዉና ኦሮሞው በአንድነት ይኖራል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አማኞችም በየጸሎት ቤታቸው ይሰበሰባሉ። ስለሆነም አንድ ስብከት ወይም አንድ መዝሙር ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ መሰማት ያለበት አካባቢ ነው።

ይህ ሕዝብ በቅርብ ዓመታት የደረሰበትን መከራ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በደረሰው ጥቃት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ እንዳስታወቀው፣ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ዓመት ከመተከል ወረዳዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ ብዙው በአዊ ዞን በቻግኒ አቅራቢያ በራንች መጠለያ ተጠልሎ ነበር። ከቤቱ በድንገት የሚወጣ ሰው የሚይዘው ልጁንና የሚችለውን ስንቅ ነው። የአጥቢያው ዝማሬ፣ የሽማግሌው ምክር፣ የሠርጉና የክርስትናው ምስል በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ የነበረ ከሆነ፣ ስልኩ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል። ባንጻሩ ግን ቅጅው ቻግኒ ወይም አዲስ አበባ በሚገኝ ዘመድ እጅ ቢኖር፣ የተበተነው ጉባኤ የራሱን ድምፅ እንደገና ለመስማት ይችላል። ስለ መተግበሪያ ስንነጋገር በእርግጥ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

በኃይልም በኩል የአካባቢው ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባዋል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በዚሁ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ተሠርቶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ኃይል መመንጨቱና በየቀበሌው መዳረሱ የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ በገጠር ያለ አጥቢያ ዛሬም ዝግጅቱን በባትሪና በፀሐይ ኃይል ላይ መመሥረት ይኖርበታል። ኔትወርክም እንዲሁ አለ ሲባል የሚጠፋ፣ ጠፋ ሲባል የሚመጣ ነው።

ሥሌቱ ቀላል ነው። 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል አለው። ስልኩ ሲቀርጽ 4 ዋት ቢፈጅ፣ ለ5 ሰዓት ጥቂት የጎደለ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ በስም 74 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ ሲሶው በመንገድ ይባክናል ብለን ብናስብ 50 ገደማ ይቀረዋል። ይህም ለአንድ ሌሊት ማኅሌት ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ስልክ፣ አንድ ፓወር ባንክና አንድ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሙያ ያለው አጥቢያ ለቀረጻ ኃይል አይቸገርም። ኃይሉን የሚያሟጥጠው ስክሪኑን አድምቆ መተውና ደካማ ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ነው። በመሆኑም ከቀረጻ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ የመጀመሪያው ደንብ ይሁን፤ በቅዳሴ መካከል ጥሪ ገብቶ ቀረጻውን እንዳያቋርጥም ይጠብቃል።

ስለ ምስል ቀረጻ

ከስልኩ ጋር የሚመጣው ካሜራ ሁሉንም ነገር በራሱ ፈቃድ ይለዋውጣል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ምእመን በፊቱ ሲያልፍ ያጨልማል፣ ሻማ ሲበራ ቀለሙን ይቀይራል። በዚህ ምክንያት ብርሃንንና ቀለምን በአንድ ልክ ቆልፎ ለመያዝ የሚያስችል መተግበሪያ ያስፈልጋል። ለአንድሮይድ ስልኮች ኦፕን ካሜራ የተባለው በነፃ የሚገኝ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ለአሮጌ ስልክም የሚስማማ ነው። ብርሃንን ይቆልፋል፣ የድምፁንም መጠን በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ብላክማጂክ ካሜራ የተባለውም በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአይፎን፣ በ2024 ለአንድሮይድ ወጥቷል። ችሎታው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ነገር ግን በሁሉም የአንድሮይድ ስልክ ላይ ስለማይሠራ አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉትን አንድ ነጥብ ላንሣ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ሲኖረው፣ ብዙዎቹ ስልኮች በሰከንድ 30 ፍሬም እንዲቀርጹ ተደርገው ይመጣሉ። በዚህ አለመጣጣም ምክንያት በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ አምፑል ሥር የተቀረጸ ምስል ላይ ጥቁር መስመሮች ሲወርዱ ይታያሉ። መድኃኒቱ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ መቆለፍ፣ ቢቻልም በሰከንድ 25 ፍሬም መቅረጽ ነው። ይህን ማስተካከል የሚፈቅድ መተግበሪያ ከመቶ ዓይነት ጌጥ ይልቅ ይጠቅማል።

ቀሪው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ስልኩ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቁም፤ መስኮት ከተናጋሪው በስተጀርባ ሳይሆን በስተጎኑ ይሁን። የበጋ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ስልክ ሞቆ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ በጥምቀት ባሕር ላይ ጥላ ይደረግለት፤ ከመሸፈኛውም ይውጣ።

ስለ ድምፅ

የቤተ ክርስቲያን ቪዲዮ ዋና ነገሩ ድምፅ ነው። ምስሉ የደበዘዘ ስብከት ሊደመጥ ይችላል፤ ድምፁ የማይሰማ ስብከት ግን፣ ምስሉ ቢጠራም፣ ማንንም አያስተምርም። ስለሆነም ገንዘብ ያለው አጥቢያ አዲስ ስልክ ከመግዛቱ በፊት ማይክሮፎን ይግዛ እላለሁ።

ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ሁለተኛ ስልክ በማይክሮፎን ፈንታ ያገለግላል። በድምፅ ሕግ መሠረት ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከሰባኪው 8 ሜትር ርቆ የነበረው መቅጃ ወደ 1 ሜትር ቢቀርብ 18 ዴሲቤል አገኘን ማለት ነው። ይህን ያህል ትርፍ የትኛውም ድምፅ አጥሪ መተግበሪያ አይሰጠንም፤ ከግድግዳ የሚመለሰውንና ከሕዝቡ የሚመጣውን ጫጫታ ከፈለግነው ድምፅ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነውና። እንግዲህ አንዱ ስልክ ከሩቅ ምስሉን ሲይዝ፣ ሌላው በማንኛውም ቀላል የድምፅ መቅጃ መተግበሪያ ከአትሮንሱ ሥር ይቅዳ። ከበሮ በሚመታበት ማኅሌት ግን የመቅጃው መጠን ዝቅ ይበል፤ አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ ተመልሶ አይጠገንምና።

ሁለቱን ቅጂዎች ለማገናኘት አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ስልኮች ፊት አንድ ጊዜ በእጅ ማጨብጨብ ይበቃል። በማቀናበሪያው ላይ የጭብጨባው ምስልና ድምፅ እንዲገጥም ይደረጋል። ምስል የሚይዘው ስልክ ከ15 ሜትር ቢርቅ፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 44 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ይህም ከአንድ ፍሬም ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚህ የባሰው ግን የሁለቱ ስልኮች ሰዓት በእኩል አለመሄዱ ነው። በሚሊዮን 20 ያህል ልዩነት ቢኖራቸው፣ በ3 ሰዓት ቅዳሴ መጨረሻ ላይ ከ0.2 ሰከንድ በላይ ይራራቃሉ፤ የካህኑ ከንፈርና ድምፅም አይገጥምም። መፍትሔው በየግማሽ ሰዓቱ ቀረጻውን ቆርጦ በአዲስ ፋይል መቀጠል ወይም በማቀናበር ጊዜ በየክፍሉ እንደገና ማጋጠም ነው።

ስለ ማቀናበርና ስለ ጽሑፍ

በአገራችን ወጣቶች ዘንድ የታወቁት የማቀናበሪያ መተግበሪያዎች ካፕካት፣ ኪንማስተር፣ ኢንሾትና ቪኤን ናቸው። ሁሉም መቁረጥን፣ መቀጠልን፣ ጽሑፍ መጨመርንና ድምፅ መተካትን ይችላሉ። ልዩነታቸው በአራቱ መመዘኛዎች ሲታይ ይገለጣል።

ኪንማስተር ምስልና ድምፅን በብዙ ረድፍ ለመደርደር የሚያመች፣ የራሳችንን የፊደል ቅርጽ የሚቀበል ሲሆን፣ ያለ ክፍያ ሲሠራበት የድርጅቱን ምልክት በምስሉ ላይ ይተዋል። ኢንሾት ለመማር ቀላል ነው፤ እርሱም በነፃው ምልክት ይተዋል፣ ማስታወቂያም ያሳያል። ካፕካት ብዙ ዝግጁ ጌጥ አለው፤ ዳሩ ግን ከጌጡ ብዙው ኔትወርክ የሚፈልግ፣ ከፊሉም በክፍያ የሚገኝ ነው። ቪኤን ያለ ክፍያና ያለ ምልክት ስለሚሠራ ለጀማሪ አጥቢያ ከሁሉ በፊት ቢሞከር ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ። ሆኖም የመተግበሪያዎች የአገልግሎት ውል በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ በነፃ የተሰጠ ነገ ሊከፈልበት እንደሚችል አስቦ፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም ቁራጭ ከመተግበሪያው ውጭ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። የማቀናበሪያውን ሰነድ ብቻ ይዞ ጥሬውን ቀረጻ የሰረዘ ሰው፣ ቤቱን አፍርሶ ንድፉን ብቻ እንዳስቀመጠ ይቆጠራል።

የጽሑፍ ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ይነበባል። ኖቶ ኢትዮጵክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የመሳሰሉት የፊደል ቅርጾች በነፃ ይገኛሉ። ከዩኒኮድ በፊት በኮምፒዩተር የተጻፉ የመዝሙር ግጥሞች ግን ወደ ስልክ ሲገለበጡ ወደማይነበብ ምልክት ስለሚለወጡ፣ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋቸዋል። ሌላው ጥንቃቄ መጠኑ ነው። «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ቪዲዮው ለኔትወርክ ሲባል በተጨመቀ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ስለዚህ ጽሑፉ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ፊደሉ ወፈር ይበል፤ ከበስተጀርባውም ጥቁር ጥላ ይደረግለት።

ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል፣ ወይም አማርኛ ለማይሰማ ምእመን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ድምፅ ነው። ሺናሽኛ ወይም ጉሙዝኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ትርጉሙን በስልክ ቀድቶ፣ የሰባኪው ድምፅ ዝቅ ብሎ በላዩ ላይ ሊደረብ ይችላል። ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱም መተግበሪያዎች ይህን ይሠራሉ። በቡለን ለመሰለ አካባቢ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ አሠራር የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ማስረከብና ስለ ማቆየት

ሙሉ ኤችዲ በሚባለው ጥራት በሰከንድ 17 ሜጋቢት የሚቀዳ ስልክ በአንድ ሰዓት 7.6 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ የ3 ሰዓት ቅዳሴ ወደ 23 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን ለተመልካች እንዳለ መላክ የማይሆን ነው። ያንኑ በሰከንድ በ2 ሜጋቢት ብናወጣው ሰዓቱ 900 ሜጋባይት ይሆናል። የ20 ደቂቃ ስብከት ከ300 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ለስልክ ስክሪንም ይበቃል።

ቴሌግራም ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያስተላልፋል። ጥራቱ እንዳይቀነስ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ መላክ እንደሚገባ ለወጣቶቻችን እንንገራቸው። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ዜንደር፣ ኩዊክ ሼር ወይም ሎካልሴንድ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ያቀብላሉ። እሑድ ከአገልግሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንዱ ለዐሥሩ፣ ዐሥሩም ለየቀበሌው ሰው ቢያደርሱ፣ ቡለን ላይ የተሰበከው ስብከት በሳምንቱ የገበያ ቀን ከየቤቱ ይገባል። ይህ መንገድ ከማንኛውም ማሠራጫ ርካሽ ነው።

በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ለሚገለብጡም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሮጌው ፋት 32 የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት በኤክስፋት እንደገና ማሰናዳት ነው፤ በላዩ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን አስቀድሞ ይገልበጥ።

ማቆየትን በሚመለከት ደንቡ ሦስት ቅጅ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በሌላ ከተማ የሚል ነው። አንዱ በስልኩ ወይም በሚሞሪ ካርዱ፣ ሁለተኛው በአጥቢያው ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በቻግኒ ወይም በአሶሳ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ስሙም «2018-05-11 ቡለን ጥምቀት» እንደሚለው ያለ ይሁን፤ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ ከቀደመ ፋይሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣም ሰው ያገኘዋል። የዜማና የአቋቋም መምህራን ዕውቀት ከቃል ወደ ቃል የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ከበዓል ቀረጻ ይልቅ መምህሩ ተቀምጠው ሲያስተምሩ የተቀረጸ አንድ ሰዓት ይበልጥ ዋጋ አለው። ይህን በበዓል ግርግር መካከል ሳይሆን በሳምንት መካከል በጸጥታ መሥራት ይቻላል።

ስለ ቀጥታ ሥርጭት

ወጣቶቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቀጥታ ሥርጭትን ነው። ለዚህ ላሪክስና ፕሪዝም ላይቭ የተባሉት መተግበሪያዎች ያገለግላሉ። በዩቲዩብ ከእጅ ስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ቢያንስ 50 ተከታይ መኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ለሚልክ ሥርጭት የ3 ሰዓት ቅዳሴ 5.4 ጊጋባይት ይፈጃል። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ፣ ኔትወርኩ በመካከል ሲቆረጥ ከቅዱሱ በፊት የሚቀር ሥርጭት ማቅረብ ለእኔ ጥቅሙ አይታየኝም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከሰዓታት በኋላ የደረሳቸውን ሙሉ አገልግሎት ከተቆራረጠው ቀጥታ ሥርጭት አብልጠው እንደሚወዱት አምናለሁ። ስለሆነም በአስተያየቴ በእንዲህ ያለ አካባቢ ቀጥታ ሥርጭት ለጥቂት ታላላቅ በዓላት ብቻ ይቆይ፤ በዚያም ጊዜ ቢሆን በስልኩ ላይ ሙሉው ጎን ለጎን ይቀዳ።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ሕዝብ በአንድ ስፍራ መሰብሰቡን በዚያችው ደቂቃ ለዓለም መንገር፣ ሰላም በደፈረሰበት ጊዜ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። መቅረጽ ምንጊዜም ይቻላል፤ ለማሠራጨት ግን ጊዜና ሁኔታ መመረጥ አለበት።

ስለ ጥንቃቄ

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሰውን ክብርና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ይመጣል። ስልኩ በሚቀርጽበት ጊዜ ያለበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስለሚመዘግብ፣ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ይህ ይዘጋ። የተፈናቀሉ ሰዎች፣ ሕፃናትና ሐዘንተኞች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ አይቀረጹ። እርዳታ ሲቀበሉ የተቀረጸ ምስል ለሰጪው ደስ ቢያሰኝም፣ ለተቀባዩ የዘላለም ኀፍረት ሊሆን ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን በሕግ ደረጃ አንሥቶታል። ዘፋኙን ወይም ዘማሪውን ሳያስፈቅዱ መዝሙር ከጀርባ ማስገባትንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል።

የቤተ ክርስቲያኑም ሥርዓት ይከበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ የካህናት ስፍራ ስለሆነ ካሜራው ከሰበካ ጉባኤው ጋር በተወሰነለት ቦታ ይቁም። በሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይጠየቁ። ቀራጩ መካከል ለመካከል የሚሮጥና የጸሎተኛውን ዓይን የሚስብ ከሆነ፣ ሊያገለግል የመጣበትን ጸሎት ራሱ አወከው ማለት ነው።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

የሚከተሉትን ሦስት ሐሳቦች ለአባላቱ ውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በየዓመቱ የሞከርናቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር በአማርኛ አዘጋጅተን በዚህ መጽሔት እናውጣ። ዝርዝሩ ከላይ ባነሣናቸው አራት መመዘኛዎች፣ ማለት በኔትወርክ፣ በኃይል፣ በፊደልና በማስረከብ ተመዝኖ የተጻፈ ይሁን። አንድ አባል በአንድ ስልክ ላይ አንድ መተግበሪያ ቢመረምር ሥራው አይከብድም።

ሁለተኛ፤ በየወረዳው ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለመዘምራን ወጣቶች የሁለት ቀን ትምህርት እንስጥ። አንዱ ቀን ስለ ድምፅና ስለ ብርሃን፣ ሌላው ስለ ፋይል አያያዝ ይሁን። ጌጥና ማሳመሪያውን ወጣቶቹ ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና እርሱን ለእነርሱ እንተውላቸው።

ሦስተኛ፤ ከአጥቢያዎች ጋር ተስማምተን በሁለት ከተሞች ሃርድ ዲስክ እናኑር። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ ዕድሜው የገፋውም በአዲስ ይተካ። ባለቤትነቱ የአጥቢያው፣ ጥበቃው ብቻ የእኛ ይሁን።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በመስመር ዝርጋታና በግንባታ ሥራችን የለመድነውን ልማድ፣ ይኸውም አስቀድሞ መለካትን፣ መጠባበቂያ ማዘጋጀትንና የተሠራውን መረከብን፣ ወደዚህ አነስተኛ የሚመስል ሥራ ማምጣት ነው። ባለፉት ዓመታት በመተከል የተበተኑት አጥቢያዎች ወደየቀያቸው ሲመለሱ ዜማቸውንና የአባቶቻቸውን ድምፅ የሚያገኙት፣ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ካስቀመጠላቸው ብቻ ነው። ያን ሰው ከመካከላችን እንድናገኘው ተስፋ አለኝ።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን።